መልሱ ከረሜላ ነው

የብሪላንቴ ሜንዶዛ «ማ ሮሳ» (2016 እ.ኤ.አ.) ሲጀምር ሮሳ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቆማ መልሷን ትጠብቃለች። ሒሳብ ተቀባይዋ ሳንቲም ስላጣች ከረሜላ ልትሰጣት ትሞክራለች፤ ሮሳ ትነጫነጫለች። ይህን ለሶዶ ተመልካች ማንም ማብራራት አያስፈልገውም። እኛም ጋ ዝርዝር ሲጠፋ መልሱ ማስቲካ ነው።

በትንሽ በጀት የሚሠሩት የፊሊፒንስ ፊልሞች አንድ የታወቀ ክስ አለባቸው፦ ድህነትን ለፈረንጅ ፌስቲቫል ይቸበችባሉ፣ ወሲብን ደግሞ እንደ በርበሬ ይነሰንሱበታል። ክሱ ባዶ አይደለም። ካን ላይ የተወዳደረው «ሰርቢስ» (2008) ውስጥ አንድ ቤተሰብ የወሲብ ፊልም የሚያሳይ ያረጀ ሲኒማ ቤት ውስጥ ይኖራል። ሕፃን ደረጃው ላይ ሲሯሯጥ፣ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ወንዶች ገላቸውን ይሸጣሉ። አንዱ ወጣት መቀመጫው ላይ የወጣበትን እባጭ በጠርሙስ ሲያፈነዳ ካሜራው ፊቱን አያዞርም (እኔ አዙሬያለሁ)።

ግን ሜንዶዛን ከቸብቻቢዎቹ የሚለየው ሒሳብ ነው። ሮሳና ባሏ ከሱቃቸው ጓዳ አደንዛዥ ዕፅ ሲሸጡ ይያዛሉ፤ ፖሊሶቹ ለመልቀቂያ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ልጆቹ ተበትነው ይለቅማሉ። አንዱ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሊሸጥ ይዞራል፣ ልጅቷ ዘመድ ቤት ሄዳ ስድብ ትጠጣለች፣ ሌላው አንድ ሰውዬ ጋ ሄዶ ገላውን ሸጦ ይመለሳል። ፊልሙ ሦስቱንም እኩል ነው የሚያያቸው። ለገላው ብሎ ሙዚቃ አያስገባም፣ እንድናለቅስም አይለምነንም። የጎደለው ብር ስንት ቀረ? ጥያቄው እሱ ብቻ ነው። ጃክሊን ሆሴ ለሮሳ ሚና የካንን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት የወሰደችው በዚህ ድርቀት ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር ቆማ ስትበላ እንባዋ ይመጣል፤ ማኘኳን ግን አታቆምም። ርቧታላ!

እኛ ጋ ለዚህ ቅርብ የምለው የሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው። ቴዲ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ከሴተኛ አዳሪዋ ፍሬ ጋር ተዋውቆ፣ ሰው ወደ ዓረብ አገር ከሚልክ የቀድሞ ወዳጇ ጋር ባላት ጠብ ውስጥ ሲገባ ታክሲው ይሰረቃል። ሄርሞን እዚህ ጋ ጎበዝ ናት። መኪናውም፣ የፍሬ ገላም ዕለታዊ ገቢ የሚጠበቅባቸው ንብረቶች ናቸው፤ ከሁለቱም ጀርባ ሌላ ሰው ቆሞ ይቆጥራል።

የማይመቸኝ ማብራሪያው ነው። የቴዲ እናትም ሴተኛ አዳሪ ነበረች፤ ከጫትና ከመጠጥ የሚያርቁት ቄስ አሉ። ድህነቱ የነፍስ ታሪክ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ኃጢአትና መዳን። ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። የአማርኛ ፊልም ገላዋን የምትሸጥ ሴት ላይ ሲደርስ ወይ ንስሐ ያስገባታል ወይ ይገድላታል። የቤት ኪራይ ስትከፍል ያየኋት ጊዜ ጥቂት ነው።

የእኛ አገር ልጅ ደግሞ በዚያው ስክሪን ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ነው፤ አማርኛው ይሳቅበትና ይወጣል። እንደ ቢጠና ባለ ከተማ ፊልም ማለት ስልክ ነው፣ ያንን ሳቅ ታናናሽ ወንድሞቹ በስልክ ያዩታል። እኔ ግን ሌላ ነገር ማየት እፈልጋለሁ። ተዳብሎ የሚያድርበት ክፍል የአዳሩ ስንት ነው? ለእናቱ የሚልከውን በማን እጅ ይልካል? ከወላይታ ወጥታ አዲስ አበባ ሠራተኛ ሆና የገባችው እህቱስ? ደሞዟን ማን ይቀበላል? የምትተኛበት ክፍል በር ከውስጥ ይቆለፋል?

ያንን በር የሚያሳይ የአማርኛ ፊልም እስካሁን አላየሁም።