ለየኔታ ምስጋና

ቅዳሴው አምሮ ሲሰማ ምስጋናው ለቀዳሹ ይደርሳል፤ እኔ ግን ያስተማሩትን የኔታን አስባለሁ። ደብረ ዓባይ በቅዳሴ፣ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የተመሰከረላቸው መምህራኑ ወንበር ዘርግተው ተማሪን አንድ በአንድ ስለሚያርሙ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታ ቤት ያልመታውን ያቃናሉ፣ ምሥጢሩ የጎደለውን ይሞላሉ። የቀደመው ተማሪ ደግሞ ኋለኛውን ያስቀጽላል። የድጓው ምልክት በመጽሐፍ አለ፤ ድምፅ የት እንደሚረግጥ፣ የት እንደሚነሣ የሚታወቀው ግን ከመምህሩ አፍ ነው። ከዜማው ሌላ የካህኑ ሥራ የሆነው ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ ንስሐ የሚገባን ሰው በትዕግሥት ማዳመጥም ከሊቃውንት ጋር በመዋል ይለመዳል። የኔታ ባይኖሩ መጽሐፉ ይኖር ነበር፤ ካህኑ ግን ስሕተቱን የሚነግረው ያጣ ነበር።