ቀዩ ሥጋ

በአሶሳ ዙሪያ ሽመል የሚቆርጥ፣ በወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥብ ሰው ከቁስል ጋር ይተዋወቃል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነርሷ የተጣበቀውን ፋሻ በጨው ውሃ አርሳ ቀስ ብላ ታላቅቅና መጀመሪያ ቀለሙን ታያለች። ጥቁር ወይም ቢጫ ከሆነ ፊቷ ይከፋል። የሮማን ፍሬ የመሰለ፣ እርጥብና ችፍ ችፍ ያለ ቀይ ሥጋ ካየች ግን «እሰይ! ሊድን ነው» ትላለች።

አድናቆቴ ለዚያ ቀይ ሥጋ ነው። እያንዳንዷ ችፍታ የአዳዲስ ደም ሥሮች እቅፍ ናት። ቁስሉ ውስጥ ኦክስጅን ያጠራቸው ህዋሳት የድረሱልን መልእክት ይልካሉ። ከዳር ያሉት ጥቃቅን ደም ሥሮችም ቀንበጥ እያወጡ፣ እርስ በርስ እየተገናኙ፣ ኦክስጅንና ምግብ ይዘው ይደርሳሉ። ቁስሉ ሲሽር አብዛኞቹ ይከስማሉ፤ ትኩስ ጠባሳ ውሎ አድሮ ቅላቱን የሚተወውም ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 እ.ኤ.አ. ዕጢም ለማደግ አዲስ ደም ሥር እንደሚያስፈልገው ሲጽፍ ብዙዎች ተጠራጠሩት። በ2004 እ.ኤ.አ. ግን ያንን የድረሱልን መልእክት የሚያግድ የካንሰር መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ቁስል ላይ የምንመኘውን ቡቃያ ዕጢ ላይ እንነቅለዋለን።

ነርሷ ፋሻውን ሳታርስ የማትነካው ለዚያ የቁስል ቡቃያ ስትል ነው። የደረቀ ፋሻ በአንድ ጊዜ ላጥ ቢደረግ የስንት ቀን ቡቃያ አብሮ ይነቀላል።