ንጉሡና ጦሩ

ግንቦት 11 ቀን የሚነበበው ስንክሳር ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የሆነውን ይተርካል። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ቆሞ ሳለ በእጁ የያዘው ጦር በያሬድ እግር ላይ ተተከለ፤ ደሙም ፈሰሰ፤ ዘማሪው ግን ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም፤ ንጉሡም አላስተዋለም። ይህ ታሪክ ዘወትር ለዘማሪው ክብር ይነገራል፤ ስለ ሰሚው የሚጠይቅ የለም። ሆኖም ከ6ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በአገራችን ስለ ባለ ዜማ ወዳጅ ከተነገረው ሁሉ ይህን የሚያህል አይገኝምና፣ ነገሩን ከሰሚው ወገን መመልከት ይገባል። ንጉሡ ያቆሰለው ጠልቶ አይደለም፤ ወድዶ ነው።

የጣና ደሴቶች መነኮሳት ያሬድ በጣና ቂርቆስ እንደ ተቀመጠ በትውፊት ይናገራሉ። ከዚያው ሐይቅ በስተ ደቡብ ዳር ባለችው በባሕር ዳር ከተማ ደግሞ በጥር 2010 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ገና ባለፈበት ሰሞን፣ ቴዲ አፍሮ የሚባለው ቴዎድሮስ ካሣሁን በስታዲየም ዘፍኖ ነበር። የተሰበሰበውም ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ በ2009 ዓ.ም. ወጥቶ በውጭ አገር በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ እስከ መሆን ደርሶ ሳለ፣ በአዲስ አበባ የተሰናዳው የምርቃት ሥነ ሥርዓት ተከልክሎ ነበር። የተከለከለ ነገር እንደሚጣፍጥ ከአዳም ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ወደዚያ ሜዳ ከመጣው ሰው ስንቱ ለዘፈኑ፣ ስንቱ ለተከለከለው ሰው እንደ መጣ መለየት አይቻልም። ሁለቱም ፍቅር ነው፤ አንድ ፍቅር ግን አይደለም። ሁለተኛው ዘፋኙን ሰንደቅ ያደርገዋል፤ ሰንደቅም ይውለበለባል እንጂ አይደመጥም።

የሚደመጥ ነገር ግን አልጠፋም። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ «ማር እስከ ጧፍ» ይባላል። መነሻው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ መጽሐፉን ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። የቅኔ ተማሪው በዛብህና የባላባቱ ልጅ ሰብለ ወንጌል ፍቅራቸው በሞት እንደሚፈጸምም የታወቀ ነው። የዘፈኑ ርእስ ከመጽሐፉ ርእስ ጋር እንዴት እንደ ገጠመ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። በፍቅር ስፍራ ማር፣ በመቃብር ስፍራ ጧፍ ቆሟል። ማር ከቀፎ ተቆርጦ ጣዕሙ ይበላል፤ የቀረው ቀልጦ፣ ፈትል ተነክሮበት ጧፍ ይሆናል፤ ጧፍም በተክሊል ይበራል፣ በፍትሐትም ይበራል። እንግዲህ በማርና በጧፍ መካከል ያለው ምንድን ነው? ሰም ነው። ስሙ ግን በርእሱ ላይ አልተጻፈም። ሰምና ወርቅ በሚባልበት አገር ሰምን ሳይጠሩ በሰም መቀኘት ቀላል ሥራ አይደለም፤ በጎንጅ ወይም በዋሸራ ሥርዐት የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ «ይበል» ይላል። የአልበሙ ስም የወጣበት «ኢትዮጵያ» የተባለው ዘፈን ግን ወርቁን ያለ ሰም ያወጣዋል። ልብ ይነካል፤ አንድ ጊዜ ከተሰማ በኋላ ግን የሚፈታ ነገር አይቀርለትም።

«ይበል» ማለት ዛሬ እንደ ጭብጨባ ረክሷል። በቅኔ ማሕሌት ግን ይበል የሚባለው ምሥጢሩ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ባለ ቅኔው ገና በሰሙ ላይ ሳለ የሚጮኸው ሰው ወርቁን ተርጉም ቢባል ያፍራል። መምህሩም የሚወደውን ተማሪ ቅኔ አብልጦ ያርማል፤ ቁጥሩ ሲጎድል፣ ሙያው ሲፋለስ ዝም አይለውም፤ ስለ ታረመም ተጠላሁ የሚል ተማሪ የለም። የአዝማሪ ሰሚ እንኳ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ ግጥሙ ልፍስፍስ ከሆነ የሚያፍረው አዝማሪው ሳይሆን ሰጪው ነው። የዘመኑ አድናቂ ግን አንዱን ዘፈን ከሌላው መመዘን እንደ ክሕደት ይቈጥረዋል፤ ሁሉም እኩል ነው ብሎ ይቈጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ዘፋኝ በዚያው ስም ቢዘፍን ልዩነቱን ያውቃል ወይ?

የንጉሡ ነገር ገና አላለቀም። ጦሩን ከነቀለ በኋላ የደሙን ዋጋ እንዲጠይቅ ለያሬድ ነገረው። ያሬድም አስቀድሞ እንዳይከለክለው አስማለውና፣ መንኖ ለመሄድ ስንብት ለመነ። ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር እጅግ አዘነ፤ ዳሩ ግን መሐላውን ፈርቶ አሰናበተው፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ንጉሡ በዚያ ቀን የከፈለው ወርቅ አልነበረም፤ ያንን ድምፅ ዳግመኛ አለመስማት ነበር።

እንዲህ ያለ ስንብት ለዛሬ ሰሚ ምን ያህል እንደሚከብድ ከጎጃም ተወላጆች በአንዱ፣ በሙሉቀን መለሰ፣ ታይቷል። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ገና በለጋነቱ በመድረክ የታወቀ፣ «ሄደች አሉ»ንና ሌሎችን ያዜመ ድምፃዊ ነበር። በ1970ዎቹ ዓለማዊውን ዘፈን ፈጽሞ ትቶ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ገባ፤ ኑሮውንም በአሜሪካ አደረገ። የገባበትን መንገድ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ከአድናቂዎቹ አፍ ግን «መቼ ይመለስ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አልጠፋም፤ ውሳኔውን የሰው ውሳኔ አድርገው ከመቀበል ይልቅ እንደ ተቀሙ ንብረት ቈጠሩት። እርሱም አልተመለሰም። በ2016 ዓ.ም. በዚያው በአሜሪካ ሲያርፍ ብዙዎች ኀዘናቸውን የገለጡት የድሮ ካሴቶቹን በማሰማት ነበር፤ ከአርባ ዓመት ያህል በፊት ጥሎት በሄደው ድምፅ።