ሆዱን ገልብጣችሁ እዩት!

ዝም ብል እፈነዳለሁ፤ ስለዚህ ልናገር። የጥርን በረዶ የወደደ ይውሰደው፣ ይባረክለት! እኔ የምፈልገው የግንቦቱን ነው፤ ያውም የከሰዓት በኋላውን፣ ውሃ ጠጥቶ የተልፈሰፈሰውን፣ ስኪ እናውቃለን የሚሉት ሁሉ ፊታቸውን አጨፍግገው ወደ መኪናቸው የሚያዘግሙበትን። እነሱ ሲወርዱ እኔ ሊፍቱ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ወረፋ የለም። ተራራው ባዶ ነው። እግሬ ላይ ያለው ስኪ ደግሞ ለዚያች ሰዓት የተፈጠረ ነው!

የማወራው ስለ ኮሎራዶ ነው። ዴንቨርና አውሮራ የምትኖሩ ወገኖቼ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ሀይዌይ 70ን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ትወጣላችሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ አራፓሆ ቤዚን ትደርሳላችሁ። (ከመካከላችን ተራሮቹን በሳሎን መስኮት ብቻ እያየ ያረጀ ስንት ሰው አለ!) በ1946 የተመሠረተ ቦታ ነው። ግርጌው 3,286 ሜትር፣ ጫፉ 3,978 ሜትር ላይ ነው፤ ከራስ ዳሸን የሚያንሰው ስድስት መቶ ሜትር በማይሞላ ልዩነት ነው። አብዛኞቹ ተራሮች ሚያዝያ ላይ በራቸውን ሲዘጉ ይህ ከፍታው ስለሚያግዘው እስከ ጁን መጀመሪያ ይቆያል፤ በረዶው በበዛበት ዓመት እስከ ጁላይ 4 የተንሸራተቱበት ጊዜም አለ። መኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው ረድፍ “ቢች” ይባላል፤ ሰው በቁምጣ ወንበር ዘርግቶ ሥጋ ይጠብሳል። ጥብስ በዚያ ከፍታ ላይ እንዴት እንደሚጣፍጥ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለጊዜው ልለፈው።

ወደ በረዶው። ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲያድር የበረዶው ገጽ ይጠጥራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይላላል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም ቅንጣቱ ክብ እየሆነ፣ እየገዘፈ ይሄዳል። ረፋዱ ላይ ከላይ ያለው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚለሰልስ፣ ከሥሩ ግን ገና ጠንካራ ስለሆነ፣ ማንኛውም ስኪ ይሄዳል፤ ማንም ሰው ጎበዝ ይመስላል። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ያዘነበለው ቁልቁለት ይላላል፣ ቀጥሎ የምዕራቡ፣ በመጨረሻ የሰሜኑ። ይህን ተከትሎ ከገጽ ወደ ገጽ የሚዞር ብልህ ሰው ጥሩውን በረዶ ለሰዓታት ያራዝመዋል። ከቀትር በኋላ ግን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ይሞላል፣ የመቶዎች እግር ያመሰው በረዶ ክምር ክምር ይሆናል፣ ጨዋታውም ይለወጣል።

ለምን? ስኪ የሚንሸራተተው ዓይን በማያየው ስስ የውሃ ሽፋን ላይ ስለሆነ ነው። ብርዱ ሲጠና ሽፋኑ ይሳሳል፣ ስኪው ይጎረብጠዋል። ሙቀቱ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ሲል ልኩን ያገኛል። ግንቦት ላይ ግን ውሃው ይተርፋል። ሁለት እርጥብ መስታወቶችን አጣብቃችሁ ለማላቀቅ ሞክሩ፤ ለስላሳው የስኪ ሆድና ውሃ ያዘለው በረዶ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ስኪው ባለበት ሊቀር ሲል እናንተ ወደ ፊት ትቀጥላላችሁ። የቀረውን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል።

እንግዲህ ግኝቱ! እዚሁ ዴንቨር አንድ የስኪ ሱቅ ውስጥ፣ ከኋላ ባለው የጥገና ጠረጴዛ ላይ፣ ፀጉራቸው ሸበቶ የሆነ አንድ ሐበሻ ጋሼ ይሠራሉ። እኔ የስኪዎቹን ቀለምና ስዕል እያየሁ ስዞር ዝም ብለው ያዩኛል። በመጨረሻ አላስቻላቸውም። “አንቺ ልጅ፣ ስዕሉ በረዶ አይነካም! ገልብጪና ሆዱን እዪ እንጂ” አሉኝ። ገለበጥኩት። ጋሼ መብራቱን ወደ ጎን አዘንብለው ሲያበሩልኝ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ከአፍንጫ እስከ ጭራ የወረደ ፈር አየሁ፤ ሰያፍ ሰያፍ እያለ የሚሻገር፣ ጥፍር ሲያልፍበት ኪርኪር የሚል ፈር! እኔ ስኪ ሆዱ እንደ መስታወት ቢለሰልስ የሚፈጥን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለዚህ በረዶ ጠላቱ ልስላሴው ነው።

ፈሩ የሚወጣው በሚሽከረከር ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ራሱ በአልማዝ ጫፍ ይቀረጻል፣ ከዚያ ስኪው በላዩ ሲያልፍ ቅርጹን ሆዱ ላይ ያትምበታል። ለደረቅና ቀዝቃዛ በረዶ ፈሩ ደቃቅ ይሆናል፤ ለእርጥቡ ሻካራና ጥልቅ። ሥራው ውሃውን መበጠስ ነው፤ አየር ያስገባል፣ ትርፉን ውሃ ወደ ኋላ ይሸኛል፣ መጣበቁን ይሰብረዋል። ይኼው ነው! ይህን በነገሩኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን ምሥጢር አጥብቀው የያዙት የሜዳ ስኪ ተወዳዳሪዎች ናቸው። የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የሮጠበት ስፖርት ማለት ነው፤ እዚያ ሰፈር ከሩጫው በፊት ስለ ስኪው ሆድ ሲጨቃጨቁ ያድራሉ። ቀድሞ እርጥብ በረዶን የሚያሸንፉት ፍሎሪን ባለው ሰም ነበር። ያ ኬሚካል ተፈጥሮ ውስጥ ሳይበሰብስ ስለሚቆይ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል። ስለዚህ ፈሩ ዋጋው ይበልጥ ጨመረ። ለእኔና ለእናንተ ቢጫው የሙቀት ሰም ይበቃል፤ የኖርዌዩ ስዊክስ ለምሳሌ ከዜሮ እስከ አሥር ዲግሪ ለሚሆን ሙቀት ብሎ የሚሸጠው ቢጫ ሰም አለው። በካውያ ቀልጦ ይቀባል፣ ሲቀዘቅዝ ይፋቃል። ከዚያ በኋላ ግን በነሐስ ብሩሽ አጥብቃችሁ ቦርሹት! ሰሙ ፈሩን ከደፈነው የድንጋዩ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቅርጹስ? እዚህ ላይ ስሙን ሳልጠራ የማላልፈው አንድ ጉደኛ የስኪ ሰው አለ፤ ሼን ማኮንኪ። ይህ ሰው በ1996 አርጀንቲና ላስ ሌኛስ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ዓለም ሁሉ ወገበ ቀጭን ስኪ በሚሠራበት ዘመን፣ ወገቡ የሰፋና ሁለቱም ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ስኪ በናፕኪን ላይ ሣለ። ቀጥሎ አላስካ ሄዶ በሐይቅ ላይ የሚንሸራተቱበት የውሃ ስኪ ላይ የበረዶ ስኪ ቡት ማሰሪያ ገጠመና በተራራ ወረደበት! ሰው ሳቀ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቮላንት የተባለው ኩባንያ ስፓቱላ ብሎ ሠራለት፤ ወገቡ 125 ሚሊሜትር፣ ከአፍንጫውም ከጭራውም የሰፋ። ማኮንኪ በ2009 ጣሊያን ዶሎሚቲ ተራራ ላይ ሲዘል ሞተ፤ ሐሳቡ ግን ዛሬ ሱቅ ውስጥ በምታዩት ሰፊ ስኪ ሁሉ አፍንጫ ላይ አለ። እሱ ያሰበው ለጥልቅ ደረቅ በረዶ ነበር። እኔ ግን እላለሁ፦ ግማሹ ውሃ ለሆነው የግንቦት በረዶ ከውሃ ስኪ የተወለደ ሐሳብ ካልሠራ የቱ ይሠራል?

ስለዚህ ስትመርጡ ወገቡን ለኩ። ከ70 ሚሊሜትር በታች የሆነው የውድድር ስኪ እዚህ ይሰምጣል። የስፓቱላን ያህል መስፋትም አያስፈልግም፤ ከ100 እስከ 110 ባለው ውስጥ ፈልጉ። አፍንጫው ገና ከሩቁ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መነሳት ይጀምር፤ ክምሩን ወግቶ እንዳይገባ፣ ላዩ ላይ እንዲወጣ። ከሥሩ መሀሉ ላይ ትንሽ ቅስት ይቅርለት። ክብደትን ደግሞ አትፍሩ! ሰው ሁሉ ቀላል ስኪ ይወዳል፤ ቀላሉ ግን እያንዳንዱ ክምር ሲመታው ይወራጫል። የእኔው ኖርዲካ ኢንፎርሰር 104 ከእንጨቱ ጋር ሁለት ንጣፍ ቲታናል፣ ማለትም የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ አለው። ክምሩን ሲያገኘው አያቅማማም፣ ይደረምሰዋል። ክብደቴን እኩል ለሁለቱ እግሮቼ ከፍዬ፣ ጠርዙን ብዙም ሳልጭን፣ እንዲሁ ስለቀው ከኋላዬ ውሃ እንደ ጀት ይረጫል። ጮኬያለሁ። ሊፍቱ ላይ ያሉት ዘወር ብለው አዩኝ፤ ደግሜ ጮህኩ!

ነቀፌታም አለኝ፤ ትንሽ። ይህ ስኪ በጠዋቱ ጠጣር በረዶ ላይ ሰነፍ ነው፤ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ለመዞር ጊዜ ይወስዳል። ጸደይ ላይ ከዩታ በኩል ያለው የበረሃ አቧራ በነፋስ እየመጣ በረዶውን ስለሚያጠይመው ሆዱ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ማታ ማታ መጥረግ ግድ ነው። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከታጠረው የስኪ ክልል ውጭ አትውጡ፤ ውሃ የጠጣ በረዶ ተንዶ ይወርዳል።

ለመግዛት ያሰበ አሁኑኑ ይሂድ። ሱቆች ለሙከራ ሲያከራዩት የከረሙትን ስኪ ጸደይ ላይ ዋጋ ቀንሰው ያወጡታል፤ ጠርዙ እንዳልተሰነጠቀ ብቻ አረጋግጡ። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ አዲስ አይግዛ። ቤቱ ጥግ ላይ የቆመውን ሰፊ ስኪ ይዞ ጠጋኙ ጋ ይሂድና “ለእርጥብ በረዶ ሻካራ ፈር አውጣልኝ” ይበል፤ ክፍያው ከአዲስ ስኪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፣ በማግስቱም ከሰዓት በኋላ ይንሸራተትበታል።