«የሕዝብ» ወይስ «የመንግሥት»? የማኅበራዊ ፖሊሲ ዶክትሬት ዕጩዎች የምርምር ትኩረት በቋንቋ አጥኚ ዓይን

መነሻ

የዶክትሬት ዕጩዎች የምርምር ትኩረታቸውን የሚያስተዋውቁበት አጭር መግለጫ በክፍለ አህጉራችን ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘውግ ሆኗል። በሕዝብ አስተዳደርና በማኅበራዊ ፖሊሲ ክፍሎች የሚጻፈው መግለጫ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ የተገነባውም ከሞላ ጎደል በስም ነው። ማኅበራዊ ጥበቃ፣ ድህነት ቅነሳ፣ ተጋላጭነት፣ የመቋቋም አቅም፣ የጤና መድን፣ የአረጋውያን እንክብካቤ የሚሉ ስሞች ይደረደራሉ፤ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ግሥ ግን እምብዛም አይገኝም። ከስሞቹ ቀጥሎ የጥናቱ ቦታ ይጠቀሳል፤ ወረዳው በስም ይነገራል። የወረዳው ሰው የሚናገርበት ቋንቋ ግን አይጠቀስም።

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ያንን ዝምታ ነው። ተማሪዎቹን ለመውቀስ አልተነሣሁም። የትኩረት መስኮቻቸው ከቀድሞው ይልቅ ለሰው ኑሮ የቀረቡ ናቸው፤ ስለ አገራዊ ዕድገት በጥቅሉ ከመጻፍ አልፈው ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች፣ ስለ ከተማ ሴፍቲኔት መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ እነዚህ ስሞች መጠይቅ ሆነው ወደ ገበሬው ደጃፍ ሲደርሱ ምን ይሆናሉ? መልሱስ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ምን ጎድሎበት ይመለሳል?

የመስኩ ስም ራሱ

ከመስኩ መጠሪያ እንጀምር። በእንግሊዝኛው «የሕዝብ ፖሊሲ» የሚባለውን ሐረግ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ዕጩ የመጀመሪያውን ቃል ሲነካ ይቸገራል። አማርኛ እንግሊዝኛው በአንድ ቅጽል የጠቀለለውን ነገር ለሁለት ይከፍለዋል። ትምህርት ቤቱ «የመንግሥት» ነው፤ አውቶቡሱና በዓሉ ግን «የሕዝብ» ናቸው። ሠራተኛው «የመንግሥት ሠራተኛ» ነው፤ የሚሠራበት ዘርፍ ደግሞ አንዳንዴ «ፐብሊክ ሰርቪስ» ተብሎ በውሰት ቃል ይጠራል። ልዩነቱ የአነጋገር ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ያጸናዋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 በእንግሊዝኛው ዓምድ «የሕዝብ አገልጋዮች» የሚላቸውን ሰዎች በአማርኛው ዓምድ «የመንግሥት ሠራተኞች» ይላቸዋል።

ክፍፍሉ የራሱ ሥርዓት ያለው ይመስለኛል። ሰው የሚገለገልበትና የሚጋራው ነገር ወደ «ሕዝብ» ያደላል፤ ባለቤትነትን፣ ቅጥርንና ሥልጣንን የሚመለከተው ወደ «መንግሥት» ያደላል። ስለዚህ «የሕዝብ ፖሊሲ» ብሎ የሚተረጉም ዕጩ ፖሊሲው የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው የሚል አቋም ሳያውቀው ይይዛል፤ «የመንግሥት ፖሊሲ» የሚል ደግሞ ከላይ የወረደ ነው የሚል አቋም ይይዛል። የእንግሊዝኛው ሐረግ ይህን ምርጫ አያስገድድም። ምርጫውን መግለጽ ለአንድ ድርሳን የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚበቃ ቁም ነገር ነው። በመግለጫዎቹ ግን ጥያቄው መኖሩም አይታወቅም።

ጎረቤት ቋንቋዎች ሲታከሉ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ኪስዋሂሊ ከዓረብኛ የወሰደውን «ኡማ» የሚለውን ቃል ለፖሊሲውም ለአገልግሎቱም ይጠቀምበታል፦ «ሴራ ያ ኡማ»፣ «ኡቱሚሺ ዋ ኡማ»። አፋን ኦሮሞም «ኡመተ» የሚለውን ቃል ለሕዝብ ይዟል፤ ሠራተኛውን ሲጠራ ግን እንደ አማርኛው ወደ መንግሥት ዞሮ «ሆጄታ ሞቱማ» ይላል። ናይሮቢና አዲስ አበባ ላይ በአንድ ርእስ የሚጽፉ ሁለት ዕጩዎች መረጃ ሰጪዎቻቸውን ስለ አንድ ነገር የጠየቁ ሊመስላቸው ይችላል፤ የተጠየቀው ግን አንድ ላይሆን ይችላል።

ሦስት ቃላት

የመጀመሪያው «መመረቅ» ነው። የኢትዮጵያ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር፣ ቤተሰቦች ጥሪት አፍርተው ከድጋፉ የሚወጡበትን ደረጃ ከትምህርት ዓለም በተወሰደ የእንግሊዝኛ ቃል ሰየመው። አማርኛው በ«ምረቃ» መለሰው፤ ዛሬም «ከሴፍቲኔት ተመረቁ» ማለት የተለመደ ነው። ሆኖም «መረቀ» በመጀመሪያ የሽማግሌና የወላጅ ግሥ ነው፤ ምርቃት ይሰጣል፣ ይቀበሉታል፣ «አሜን» ይሉታል። በገበያም ደንበኛ «መርቂልኝ» ሲል ጨምሪልኝ ማለቱ ነው። በፕሮግራሙ ቋንቋ ግን የተመረቀ ሰው የሚያገኘው ጭማሪ የለም፤ የሚቀርበት ድጋፍ ነው። አንድ ጠያቂ «ስለ መመረቅዎ ምን ይሰማዎታል?» ብሎ ሲጠይቅ በቃሉ ውስጥ መልሱን አስቀምጧል። ምርቃትን የሚያማርር ሰው ነውረኛ ነው። ቅሬታው በትኅትና ይዋጣል፤ በድርሳኑ ሠንጠረዥ ላይ ግን «ረክቷል» ተብሎ ይመዘገባል። ጠያቂው «ከድጋፉ ሲወጡ ኑሮዎ እንዴት ሆነ?» ቢል ሌላ መልስ ሊሰማ ይችል ነበር።

ሁለተኛው «ጡረታ» ነው። ቃሉ «ጦረ» ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ «ጦረ» ማለት ልጅ ያረጁ ወላጆቹን ደግፎ ያዘ ማለት ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ዘመናዊው የጡረታ ዋስትና ሊሞላ የሚፈልገውን ቦታ አስቀድሞ የያዘ ማኅበራዊ ውል ነው። ስለ አረጋውያን ድጋፍ የሚያጠና ዕጩ «ጡረታ አለዎት?» ብሎ ከጠየቀ ከመንግሥት ወይም ከድርጅት የሚከፈል ገንዘብ ስለ መኖሩ ይመለስለታል። «ጧሪ አለዎት?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ የጠየቀው ስለ ልጅ ነው፤ ጥያቄውም ሐዘን ሊቀሰቅስ ይችላል። አንዱ ሥር ሁለቱን ጥያቄዎች ይሸከማል። በእንግሊዝኛው መጠይቅ ግን የመጀመሪያው «ገቢ» በሚለው፣ ሁለተኛው «ማኅበራዊ ድጋፍ» በሚለው ክፍል ተለያይተው ይቀመጣሉ። አረጋውያኑ ሁለቱን በአንድ ግሥ እንደሚያስቡ ለማየት የሚያስችል ቦታ በቅጹ ላይ የለም።

ሦስተኛው «ቤተሰብ» ነው። የዳሰሳ ጥናት መሠረታዊ መለኪያ የሆነው፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ የሰዎች ስብስብ፣ በአማርኛ መጠይቅ ላይ ብዙውን ጊዜ «ቤተሰብ» ይባላል። ይኸው ቃል ደግሞ በደም የተዛመደውን ሁሉ ያቅፋል። «ቤተሰብዎ ስንት ነው?» የተባለች እናት ከተማ የሚማረውን ልጇን፣ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያለችውን ልጇን ትቆጥራለች፤ አለመቁጠር ልጅን እንደ መካድ ነውና። በአንጻሩ ጎጆዋ ውስጥ የሚያድረውን እረኛ ላትቆጥረው ትችላለች። ክፍያው በቤተሰብ አባላት ቁጥር በሚሰላበት ፕሮግራም ይህ ተራ የትርጉም ስሕተት አይሆንም። ቁጥሩ የእህል መጠን ይሆናል፤ ሌላ ጊዜም «አጋንና ተናገረች» የሚል ጥርጣሬ ይሆንባታል። በድርሳኑ ውስጥ አማካይ የቤተሰብ ብዛት ሆኖ የሚታየው አኃዝ፣ ከመረጃ ትንተናው በፊት አንድ መረጃ ሰብሳቢ ደጃፍ ላይ ቆሞ በመረጠው ቃል ተወስኗል።

የትኛው ጽሑፍ ነው የተተነተነው?

ሁለተኛው ነቀፋዬ የሕግና የፖሊሲ ሰነዶችን ይመለከታል። በፖሊሲ ትንተና ላይ አተኩራለሁ የሚል ዕጩ የሚተነትነው ሰነድ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ መግለጽ አለበት። በኢትዮጵያ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 3ም ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተሙ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው የበላይ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ብቻ አንብቦ ስለ አንድ አዋጅ የቃላት ምርጫ ረዥም ትንታኔ የሚጽፍ ዕጩ እየተነተነ ያለው የተርጓሚውን ምርጫ እንጂ የሕግ አውጪውን አይደለም።

የሕግ እርከን መጠሪያዎችም ይደባለቃሉ። «አዋጅ» ከተወካዮች ምክር ቤት፣ «ደንብ» ከሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ «መመሪያ» ከአስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ይወጣል። «ፖሊሲ» በውሰት ቃልነቱ ከሦስቱ ውጭ ቆሟል፤ እንደ አዋጅ አያስገድድም፣ እንደ መመሪያም ዝርዝር አይሰጥም። በቀበሌ ደረጃ ግን «መመሪያው አይፈቅድም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ የሰውን ዕድል ይወስናል። ሦስቱን ስሞች በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጠቅልሎ «ፖሊሲው እንዲህ ይላል» የሚል ድርሳን፣ ባለ ጉዳዩን የከለከለው ማን እንደሆነ ለማወቅ አያስችልም። አቤቱታ የሚቀርበው ወዴት እንደሆነም እንዲሁ።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ኪስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ፣ ኪስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ደግሞ የመንግሥት ቋንቋዎች አድርጓል። ታንዛኒያ በ2021 ባደረገችው የሕግ ማሻሻያ ኪስዋሂሊን የሕግና የፍርድ ቤት ቋንቋ አድርጋለች። በታንዛኒያ ማኅበራዊ ዋስትናን የሚጠራው «ሂፋዚ ያ ጃሚ» የብሔራዊ ፓርክ መጠሪያ ከሆነው «ሂፋዚ ያ ታይፋ» ጋር አንድ ስም ይጋራል። የአማርኛው «ጥበቃ»ም ማኅበራዊም ይሆናል፣ የዱር እንስሳትም ይሆናል። በሁለቱም ቋንቋዎች ጠባቂና ተጠባቂ አለ፤ መብት የሚለው ሐሳብ ግን በቃሉ ውስጥ የለም። ማኅበራዊ ጥበቃ የዜጋ መብት ነው ብሎ የሚከራከር ዕጩ ከዚህ ቃል ጋር መታገል ይኖርበታል።

ሊነሣ የሚችል መከራከሪያ

«ድርሳኑ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈታኙም መጽሔቱም እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ መጠይቁም ተተርጉሞ፣ መልሶም ተተርጉሞ ተፈትሿል» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሶ መተርጎም ጠቃሚ ፍተሻ ነው። ነገር ግን የሚፈትሸው የእንግሊዝኛው ቃል በሰላም መመለሱን ነው። «ምረቃ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ያለ እንከን ይመለሳል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ለተማሪ ይጠቀሙበታልና። ምርቃትን ማማረር ነውር መሆኑ ግን በመልሶ ትርጉሙ ላይ አይታይም። ፍተሻው ያለፈው ጉድለቱ በሚገኝበት በኩል ስላልተመለከተ ነው።

«ኢ-መደበኛ» የሚለው ቅጽልም በዚሁ ፍተሻ ያለ ችግር ያልፋል። ዕድር በብዙ የፖሊሲ ድርሳን «ኢ-መደበኛ ተቋም» ተብሎ ይመደባል። ዕድር ግን የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ የተመረጠ ዳኛና ጸሐፊ፣ ለቀረ ሰው ቅጣት ያለው ተቋም ነው። «ደንብ» የሚለው ቃል ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ጋር የሚጋራው መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አባላቱ መደበኛ አድርገው የያዙትን ተቋም ኢ-መደበኛ ያሰኘው የምደባው መነሻ ቋንቋ ነው።

የእኛስ ድርሻ?

ነቀፋው ወደ እኛም ይመለሳል። የክልላችንን ቋንቋዎች የምናጠና ሰዎች ስለ ግሥ እርባታ፣ ስለ ድምፀ ልሳን፣ ስለ ዘዬ ድንበር በዚህ መሰሉ መድረክ ስንጽፍ ኖረናል። የሴፍቲኔትን መዝገበ ቃላት፣ የጤና መድንን ቅጽ፣ የቀበሌን ቃለ ጉባኤ ግን ለሌላ ክፍል ትተነዋል። የፖሊሲ ተማሪ «ይህን ቃል እንዴት ልተርጉመው?» ብሎ ሲመጣ አቻ ቃል ሰጥተን እንሸኘዋለን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የተመረጠው ቃል «ዳነ» ከሚለው ግሥ ጋር ቤተሰብ ነው፤ በጽሑፍም አንዴ «መድን» አንዴ «መድኅን» ሆኖ ይታያል። ሳይታመም ዓመቱን የጨረሰ ከፋይ «ከምን ዳንሁ?» ቢል ጥያቄው ከስንፍና የመነጨ አይሆንም። ይህ የእኛ የሙያ ጉዳይ ነበር።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አነስተኛ ነው። የምርምር ትኩረት መግለጫ ከወረዳው ስም ቀጥሎ የጥናቱን ቋንቋ ይጥቀስ። ሰነድ የሚተነትን ዕጩ የትኛውን ቋንቋ ቅጂ እንዳነበበ በሥነ ዘዴው ምዕራፍ ይናገር። በመስክ ላይ የተነበበው መጠይቅ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር በአባሪነት ይታተም፤ ዋናው ሰነድ እርሱ ነውና። መረጃ ሰብሳቢዎች በደጃፍ ላይ የለወጧቸው ቃላት ተመዝግበው ይያዙ። ከቋንቋ ክፍልም አንድ ሰው በአማካሪነት ይቀመጥ፤ መጠይቁ ከታተመ በኋላ ሳይሆን ጥያቄዎቹ በሚረቀቁበት ጊዜ።

ይህ ቢደረግ ዓረብ አገር ያለችውን ልጇን የቆጠረችው እናት በድርሳኑ ውስጥ «ያጋነነች መረጃ ሰጪ» አትሆንም። የተጠየቀችውን በትክክል የመለሰች ሰው ትሆናለች፤ ስሕተቱም ከጥያቄው ላይ ይታረማል።