«ዓለም አቀፍ» እና «አካባቢያዊ»፦ በዶሜይን ምዝገባ ስለሚሠራባቸው ሁለት ስያሜዎች

የሙያ ቃል ከነገሩ የራቀ ስም የተሰጠው እንደ ሆነ፣ ስሕተቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ ሥራም ይዘልቃል። ለዚህ አስረጅ ይሆን ዘንድ በኢንተርኔት የዶሜይን ስም ምዝገባ የሚሠራባቸውን ሁለት ቃላት እንመረምራለን።

የዶሜይን ስም የሚያስመዘግብ ሰው ስሙና አድራሻው በመዝገብ ይያዛል። መዝጋቢ ድርጅቶች ይህን ወደ ዋናው መዝገብ የሚያስተላልፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደንብ፣ አድራሻው በሁለት ዐይነት እንዲጻፍ ይፈቅዳል። አንደኛው «ዓለም አቀፍ»፣ ሁለተኛው «አካባቢያዊ» ይባላል። «ዓለም አቀፍ» የተባለው በአስኪ ሰንጠረዥ ውስጥ ባሉት ተራ የላቲን ፊደላት ብቻ የሚጻፈው ነው። «አካባቢያዊ» የተባለው ግን ግዕዙን፣ ዐረብኛውን፣ ቻይንኛውን፣ ላቲኑንም ጭምር ይቀበላል። እንግዲህ ሁሉን የሚያስተናግደው ጠባቡን ስም፣ አንዱን ብቻ የሚያስተናግደው ሰፊውን ስም ይዟል ማለት ነው።

ለስያሜው ጥብቅና የሚቆም ሰው፣ የላቲኑን ጽሕፈት በየአገሩ ብዙ ሰው ስለሚያነበው ነው ይል ይሆናል። ይህን አንክድም። ይሁን እንጂ መነበብና በትክክል መታወቅ አንድ አይደሉም። ፀሐይ የተባለች ሴት ስሟ በላቲን ሦስት አራት ዐይነት ሊጻፍ ይችላል። ከላቲኑ ተነሥቶ ወደ ግዕዙ የሚመለስ አንባቢም ፊደሉ ጸሎቱ ጸ ይሁን ፀሐዩ ፀ፣ ሃሌታው ሀ ይሁን ሐመሩ ሐ የሚለይበት ምልክት የለውም።

በአይካን ሥር የተቋቋመ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው የመጨረሻ ዘገባ፣ የአስመዝጋቢዎችን አድራሻ ወደ ሌላ ቋንቋ ወይም ፊደል መለወጥ ግዴታ እንዳይሆን መክሯል። ምክሩን እንደግፋለን። ነገር ግን ሁለት ጉድለት እናይበታለን። አንደኛ፣ መተርጐምንና በሌላ ፊደል መጻፍን «ለውጥ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሏቸዋል። «ጎዳና» የሚለው ቃል ቢተረጐም አድራሻው ይገኛል፤ «ፀሐይ» የሚለው የሰው ስም ቢተረጐም ግን ባለስሟ ትጠፋለች። ሁለተኛ፣ አስመዝጋቢው በየትኛው ፊደል መጻፍ እንደሚችል የመወሰኑን ነገር ለአገልግሎት ሰጪው ጥቅምና ፈቃድ ትቶታል። በዚህም ምክንያት ሰው ስሙን በገዛ ፊደሉ የማስመዝገብ ዕድሉ በመዝጋቢው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

የመሣሪያ እጥረት ዛሬ ሰበብ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1982 በጽሑፍ የተደነገገው ሁኢዝ የተባለው የመጠይቅ ሥርዐት፣ መልሱ በየትኛው የፊደል ሰንጠረዥ እንደ ተጻፈ የሚያመለክትበት ዘዴ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አርዳፕ ግን በዩኒኮድ ይሠራል፤ የጽሑፉንም ቋንቋ ለይቶ ለመጥቀስ ያስችላል። ፊደላችንም ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው የተሳሳተውን ስያሜ አብረን እንዳንተረጕም እናሳስባለን። በእኛ በኩል፣ ባለቤቱ በመረጠው ፊደል የጻፈው «ዋና ጽሕፈት»፣ በአስኪ የሚጻፈው ደግሞ «የላቲን ግልባጭ» ቢባል ተስማሚ ሆኖ እናገኘዋለን። ሁለቱ የተለያዩ እንደ ሆነ፣ የትኛው በየትኛው እንደሚታረም ከስሙ ይታወቃል።