ቀድሞ የተነገረ ዜማ

ማክቤዝን የአማርኛ አንባቢ በጸጋዬ ገብረመድኅን ትርጉም ያውቀዋል። ጠንቋዮች ትነግሣለህ ይሉታል፤ ሚስቱ ታደፋፍረዋለች፤ ንጉሡን በተኛበት ይገድለዋል። የሙዚቃ ደራሲው ጁሴፔ ቬርዲ ይህንኑ ተውኔት ኦፔራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1847 ፍሎሬንስ በሚገኘው በፔርጎላ ቲያትር አሳየ። ግጥሙን የጻፈለት ፍራንቼስኮ ማሪያ ፒያቬ ነው። በ1865 ለፓሪስ መድረክ ሲያድሰው ብዙ ቦታ ነካክቷል፤ ሌዲ ማክቤዝ ተኝታ የምትሄድበትን ትዕይንት ግን እንዳለ ተወው። የሚነካ ነገር አልነበረውም።

ትዕይንቱ አራተኛው ገቢር ላይ ነው። ሌሊት ነው። ሐኪሙና ደንገጡሯ ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ። ሌዲ ማክቤዝ መብራት ይዛ፣ ዓይኗ እንደተከፈተ፣ በእንቅልፍ ትገባለች። እጇን ታሻለች፤ ደሙ አይለቅም። የባለክር መሣሪያዎቹ ድምፅ ታፍኗል። ከኦቦ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ፣ ኮር አንግሌ፣ የሚያሰማው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በግማሽ ቶን ይወርዳል። ሙሾው ይኸው ነው። ዘፋኟ ትጀምራለች፣ ታቋርጣለች፣ ሌላ ነገር ታነሣለች። መሣሪያዎቹ ግን አያቋርጡም፤ የተበታተነ ሐሳቧን አንድ ላይ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ስትወጣ ድምፅዋ ወደ ላይኛው ዲ ፍላት ይወጣል። ቬርዲ እዚያ ላይ የጠየቀው ጩኸት አይደለም፤ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ ነው።

ቬርዲ በ1848 በጻፈው ደብዳቤ ዘፋኟ ኤውጄኒያ ታዶሊኒ ለሌዲ ማክቤዝ ሚና እንደማትሆን ተከራክሯል። ምክንያቱ ድምፅዋ ማማሩ ነበር። እሱ የፈለገው ሻካራ፣ የታፈነና የጨለመ ድምፅ ነው።

የዚህ ትዕይንት ዜማ ግን አራተኛው ገቢር ላይ አልተጀመረም። መጋረጃው ሳይገለጥ፣ በመግቢያው ሙዚቃ፣ ከጠንቋዮቹ ዜማ ቀጥሎ ተሰምቷል። ሐረር ውስጥ በጊደር መጋላ ገበያ ዙሪያ ባሉ የሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት ያየ ሰው አሠራሩን ይረዳል፤ ሰፊዋ ከእምብርቱ ጀምራ ዙር በዙር ስታወጣ፣ የጠርዙን ሐረግ ቀድማ ቆጥራዋለች። ቬርዲም የሴትዮዋን ፍጻሜ ገና ሳትገባ ነግሮናል። ጠንቋዮቹ ለማክቤዝ የነገሩት ዙፋኑን ነው፤ ሙዚቃው ለእኛ የነገረን ዋጋውን ነው።

ስለዚህ ኦፔራውን የምትሰሙ ሁሉ መግቢያውን በወሬ አታሳልፉት።